ሦስት ምስክር ለአንድ ቃል

ጥር 5

«ሞትኩ! ጨረሱኝ! ኤፍ ጻፉልኝ!»

በግድግዳው በኩል ነው የሰማሁት። የታናሽ ወንድሜ ድምፅ። ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ እጄ አረፋ እንደለበሰ ሮጥኩ፣ በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ። ሟቹ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ዳቦ ይበላል። ጆሮው ላይ ጎድጓዳ ሳህን የሚያክል ማዳመጫ ደፍቷል።

«ምን ሆንክ?»

«ሞትኩ አልኩሽ እኮ። ውጪ በናትሽ፣ ቀጥታ ላይ ነኝ።»

ቀጥታ ማለት ቀጥታ ስርጭት ነው። እሱ በኮምፒውተር ይጫወታል፣ ሰው ደግሞ ከየቤቱ ሆኖ ሲጫወት ያየዋል። ሰው ሲጫወት ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው አለ ማለት ነው... ሲበላ የሚያይስ ይኖር ይሆን? ጠየቅኩት። አለ አለኝ።

ከእጄ የተንጠባጠበው አረፋ ምንጣፉን አበላሸው። እናታችን መጥታ አየች። ለምንጣፉ አዘነች።

ጥር 6

ስለ «ኤፍ» አስረዳኝ። አንድ የጦርነት ጨዋታ ውስጥ የወታደር ቀብር አለ አሉ። ተጫዋቹ ሬሳ ሳጥኑ ፊት ሲደርስ «አክብሮትህን ለመግለጽ ኤፍን ተጫን» የሚል ጽሑፍ ይመጣለታል። ኤፍ የፊደል ገበታው ላይ ያለች አንዲት ቁልፍ ናት። በቃ። ጫን፣ አከበርክ፣ ሂድ። ዓለም ሳቀበት፣ ከዚያ ወዲህ ሰው በተሸነፈ፣ በተሰናከለ፣ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ቁጥር ተመልካቹ «ኤፍ» ይጽፍለታል።

ለሐዘን አንድ ፊደል። ስንት ለቅሶ ቤት ስንት ሰዓት ቁጭ ብያለሁ...

ጥር 14

ዋና አዘጋጃችን ስብሰባ ጠሩ። «መዝገበ ቃላታችን ሸብቷል» አሉ። እሳቸው ጸጉራቸውን ትናንት ተቀብተዋል፣ ጆሯቸው ጫፍ ላይ ጥቁር ቀለም ቀርቷል።

አዲሱ እትም «የወጣቱ ቋንቋ» የሚል ክፍል ይኖረዋል። በተለይ የጨዋታ ቀጥታ ስርጭት ላይ ተመልካቾች የሚጻጻፉበት ቋንቋ። ይህን ከየት አመጡት? የልጅ ልጃቸው እራት ላይ አንድ ነገር ብሏቸው፣ ሳይገባቸው ስቀው መሆን አለበት።

«ማን ይይዘዋል?»

ገጽ አቀናባሪያችን ጥፍሮቿን ማየት ጀመረች። እኔ፣ አፌን ጅብ ይብላውና፣ «ወንድሜ ይጫወታል» አልኩ።

«እንግዲያው ቤትዎ ውስጥ ነው ያለው!» አሉ። ልክ ነዳጅ የተገኘበት መሬት የእኔ የሆነ ይመስል።

«ሕጉን ግን አደራ» አሉ ሲወጡ። ማን ይረሳዋል? ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ። አንድ ቃል መዝገብ የሚገባው ሦስት የተለያዩ ሰዎች በየራሳቸው ሲጠቀሙበት ከያዝናቸው ብቻ ነው። እያንዳንዱ ምስክር በካርድ ይጻፋል፤ ማን፣ የት፣ መቼ። አንድ ሰው ብቻ የሚለው ነገር ጠባይ ነው። ሁለት ሰው ካለው ወዳጅነት ነው። ሦስት ሲሆን ቋንቋ ይባላል።

ጥር 15

እናታችን ቁርስ ላይ ፍርድ ሰጠች። እሷ ሻይ እየቀዳች ነው የምትፈርደው።

ወንድሜ ቀያሽ ነበር። ይሠራበት የነበረው ድርጅት ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ሁለቱንም ዓመት ያሳለፈው ጓዳ ጎን ባለችው ክፍል ነው። አጎታችን በሌላ ከተማ የወለል ንጣፍ መደብር አለው፣ ሰው ይፈልጋል።

«ወይ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ሰው የሚያውቀው ሥራ አሳየኝ፣ ወይ ለአጎትህ እደውላለሁ» አለች።

«እማዬ፣ ሰዎቼን ጥዬ የት እሄዳለሁ?»

«የትኞቹን ሰዎች? እዚህ ቤት ለአንተ ብሎ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ቻቱ ላይ ናቸው።»

«እንግዲያው ቻቱ ምሳህን ይሥራልህ።»

ክፍሉ ተከትዬው ገባሁ። «ከጀርባህ ቁጭ ብዬ ሰዎችህ የሚሉትን ልጻፍ?»

«ድምፅ ካላሰማሽ።»

«ሃያ ዓመት ድምፅ ሳላሰማ ነው ደሞዝ የበላሁት።»

ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

የካቲት 2

ከጀርባው ተቀመጥኩ። በርጩማ፣ ጉልበቴ ላይ የካርድ ሳጥን።

ስክሪኑ ላይ በቀኝ በኩል ቀጭን ዓምድ አለ፣ ቻቱ እሱ ነው። ሰዎቹ የሚጽፉት ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ይወጣል። በእውነተኛ ስሙ የሚጠራ የለም። ወንድሜ «አለቃ» ነው። (ከድሮ አሠሪዎቹ አንዱ ይህን ቢሰማ!) ሁልጊዜ የሚጽፉ ሦስት አሉ። «ጥርስ የለሽ» ተሳዳቢ ነው። «የሰፈር ዳኛ» ሁሉን ይተቻል፣ የጨዋታውን ዝናብ ሳይቀር። «ሾርባ» ግን ደግ ናት፤ ወይም ደግ ነው፣ ጾታው አይታወቅም። አለቃ በወደቀ ቁጥር «አይዞህ» የምትለው እሷ ናት።

ጥርስ የለሽ፦ አለቃ፣ እጅህ ነው ወይስ ማንኪያ?

ዳኛ፦ ማንኪያ እንኳ ቀጥ ይላል።

ወንድሜ እንዲህ ተሰድቦ ሲፈነድቅ አየሁት። እኔ «ክፍልህን አጽዳ» ስለው ግን ሦስት ቀን ያኮርፋል።

የካቲት 9

አመጣጥ ፍለጋ ሰነበትኩ። ወዲያ ወዲህ እያገላበጥኩ፣ እሱንም እየጨቀጨቅኩ።

«ቲልት።» ድሮ ኳስ እየነጠረች ነጥብ የምትሰበስብበት ባለ እግር ማሽን ነበር። ተጫዋቹ ተናዶ ማሽኑን ሲያነቃንቅ «ቲልት» የሚል መብራት ይበራና ማሽኑ ቀጥ ይላል። ቃሉን ካርታ ተጫዋቾች ወሰዱት፣ በንዴት ያለውን ሁሉ ለሚበትን ሰው አዋሉት። ከእነሱ ወደዚህ መጣ። ዛሬ «ቲልት ሆነ» ማለት ተናዶ መላ ቅጡ ጠፋው ማለት ነው። ማሽን ሲናወጥ ሥራ ያቆማል። ሰው ሲናወጥ ግን ሥራ ይጀምራል... እናታችን ትናንት የቧንቧ ሠራተኛው ላይ ቲልት ሆና ነበር፣ ሰውየው መፍቻውን ረስቶ ነው የሄደው።

«ነርፍ።» ከልጆች መጫወቻ ሽጉጥ ነው የመጣ፣ የስፖንጅ ጥይት ከሚተኩሰው። ጨዋታ ሠሪዎቹ አንድ መሣሪያ በጣም በረታ ሲሉ ጉልበቱን ይቀንሱበታል። ያኔ ተጫዋቹ «ነርፍ ተደረገ» ብሎ ያለቅሳል። ዋና አዘጋጃችን አምና የእኔን ክፍል ከአራት ሰው ወደ አንድ ነርፍ አድርገውታል። ቃሉ ስላልነበረኝ «መልሶ ማደራጀት» ብዬው ነበር።

«ጂጂ።» «ጥሩ ጨዋታ ነበር» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የተቆረጡ ሁለት ፊደላት። መጀመሪያ ተሸናፊው ከልቡ ለአሸናፊው ይለው ነበር። ቀስ በቀስ አሸናፊው ጨዋታው ሳያልቅ ተሸናፊውን ማብሸቂያ አደረገው። የመሥሪያ ቤት ምስጋናም መንገዱ ይኸው ነው።

«ለርከር።» ቻቱ ላይ ተሰይሞ አንድም ቃል የማይጽፍ። እኔ ነኝ እንግዲህ።

እነዚህ ሁሉ ከውጭ የመጡ ናቸው። አያስቸግሩም። ግን የመጣን እንግዳ ስም መመዝገብ ምኑ ሥራ ነው?

የካቲት 17

ዛሬ ጸጉሬ ቆመ!

ጨዋታው ላይ ሕንፃ ሊፈርስ ነው፣ ቡድኑ መውጣት አለበት። በሩ ሰው ካልያዘው ይዘጋል። ወንድሜ ያዘው። ሌሎቹ አለፉ። ሕንፃው ላዩ ላይ ወረደ።

ጥርስ የለሽ፦ አለቃ ዛሬም በር ያዥ!

«ምንድን ነው ያለው?» አልኩ። ድምፅ አላሰማም ያልኩት ሴትዮ።

«በር ያዥ። ሌላውን አሳልፎ ራሱ የሚቀር ማለት ነው።»

«ከየት መጣ?»

«ከቻቱ።»

«ማን ጀመረው?»

«እታለም፣ ቃል ሲወለድ ማን አይቶ ያውቃል?»

የእኛው ነው። ከማንም ያልተዋሰው፣ ከማሽንም ከካርታም ያልመጣ። ካርድ አወጣሁ። ከእጄ ወደቀ ብል ማን ይስቅብኛል? ይህን የማነበው እኔው ነኝ።

የካቲት 25

ጎተራ ነው የገባሁት። በሳምንት ውስጥ፦

«ሳሙና» ድል እጁ ከገባ በኋላ የሚያመልጠው። «ጣሪያ ቆጣሪ» ቀድሞ ሞቶ የጓደኞቹን መጨረሻ እየጠበቀ የሚቀመጥ። «ጫማ አወለቀ» ሲቀልድ ቆይቶ ጨዋታውን የምር ያዘ። ሌሎችም አሉ። ሰባት ደርሰዋል።

ምስክር እንደዚህ ሲመጣልኝ አይቼ አላውቅም። «ለሳሙና ሁለት አለኝ፣ አንድ ቀረኝ» ብዬ ለራሴ ካጉረመረምኩ በኋላ ሻዬን ሳልጨርስ ሾርባ ጻፈች፦ «ወይኔ አለቃ፣ ሳሙና ሆንክ።»

የድሮውን እትም ሳዘጋጅ ለአንድ የሸማኔ ቃል ሦስተኛ ምስክር ፍለጋ ስምንት ወር ዞሬያለሁ። ይህ ቋንቋ ግን ልክ እንደተማረ ልጅ እጁን አጣጥፎ ይጠብቀኛል።

መጋቢት 4

ካርዶቹን ለዋና አዘጋጁ አሳየሁ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። የደስታ ምልክታቸው ነው።

«ይህማ ሕያው ቋንቋ ነው! በር ያዥ! እንዴት ያለ ቃል ነው!»

ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ተጠቀሙበት። በተሳሳተ ቦታ። ጥበቃውን «ጎበዝ በር ያዥ» ሲሉት ሰውየው ሁለት እጁን ከኪሱ አወጣ።

የምስጋናው ገጽ ላይ የወንድሜ ሙሉ ስም እንዲገባ ፈቀዱ። «የቀጥታ ስርጭት ባለሙያ» ከሚል ማዕረግ ጋር።

መጋቢት 6

የምስጋናውን ገጽ ረቂቅ ለእናታችን አመጣሁላት። ጣቷን ከመስመሩ ሥር እየጎተተች አነበበች። ደግማ አነበበች።

«ይህ ስም የአንተ ነው?»

«የእኔ ነው እማዬ።»

«ባለሙያ ይላል።»

«ይላል።»

«የምን ባለሙያ እንደሆንክ ለሰው ስናገር እንዳላፍር አንድ ጊዜ አስረዳኝ።»

አስረዳት። አልገባትም። ግን ማታ ለአጎታችን ስትደውል በበሩ በኩል ሰማኋት። «ልጁ ለጊዜው አይመቸውም። መጽሐፍ ላይ እየሠራ ነው።»

ወንድሜ ሰምቶ ጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀ። ፊቱን አላየሁትም።

መጋቢት 30

ገጽ አቀናባሪዋ የወጣቱን ክፍል ደርድራ ጨረሰች። ሥዕል ሁሉ ገብቶበታል፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ። ልጁ ጆሮ ማዳመጫውን አገጩ ላይ ነው ያደረገው። እንዲህ ነው ባለሙያ ሳይጠየቅ ሲቀር።

ሚያዝያ 11

የወንድሜ ጉንጭ አብጧል። የጥርስ ሐኪም ለነገ ቀጥሮታል። ኤፍ።

ሚያዝያ 12

ከሰዓት ነው። ውድድር እየጠበቀ ነበር፣ ተራው እንዳያልፈው ስርጭቱን መዝጋት አልፈለገም። «ወንበሬ ላይ ቁጭ በይ፣ አልፎ አልፎ ሰውየውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አንቀሳቅሺው፣ ሌላ ምንም አትንኪ» ብሎኝ ጉንጩን ይዞ ሄደ።

ተቀመጥኩ። ሰውየውን ወደ ግራ... ወደ ቀኝ... ቻቱን ጠበቅኩ። አሁን ጥርስ የለሽ ስለ ጥርስ አንድ ነገር ይላል ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ፣ ካርዴንም አወጣሁ።

ምንም የለም።

ዳኛም ዝም። ሾርባም ዝም። ሐኪም ቤት መሄዱን ነግሯቸው ይሆናል አልኩ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ባለቤቱ በሌለበት አያወሩም።

የስክሪኑ ጥግ ላይ ቁራጭ ወረቀት ተለጥፏል። ከበርጩማዬ ሆኜ ሳየው የተሰነጠቀ ቦታ የሸፈነበት ይመስለኝ ነበር። ጫፉ ተገንጥሏል፣ ከሥሩ ቁጥር ይታያል። የተመልካች ቁጥር ነው።

አራት።

ከዚያ አንድ ነገር ጉልበቴ ጋ ነዘረ። ከጠረጴዛው ሥር መደርደሪያ አለ፤ ጎንበስ አልኩ። ጨዋታው ላይ በሞተ ቁጥር እጁ ወደዚያ ሲወርድ ጉልበቱን የሚያክ ይመስለኝ ነበር። ሦስት አሮጌ ስልኮች። ቻርጅ ላይ ተሰክተው፣ ጎን ለጎን፣ እንደተኙ ሕፃናት። ሦስቱም ይህንኑ ስርጭት ያሳያሉ። እኔ የማንቀሳቅሰው ሰውዬ በሦስቱም ላይ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይላል።

የመጀመሪያው ላይ የተጻፈው ስም፦ ጥርስ የለሽ።

ሁለተኛው፦ የሰፈር ዳኛ።

ሦስተኛው ሾርባ ነው። ተጽፎ ሳይላክ የቀረ መልእክት አለበት። «አይዞህ አለቃ፣ ጥርስ ነው፣ ያል»

ያልፋል ሊል ነበር። ሳይጨርሰው ነው የሄደው።

ሰውየውን ወደ ግራ አንቀሳቀስኩት። ወደ ቀኝ አንቀሳቀስኩት። ሌላ ምንም እንዳልነካ ብሎኛል።

ሚያዝያ 13

አልነገርኩትም። እሱ ነው ያወቀው፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ የአንዱን ቻርጀር ነቅዬው ኖሯል። ዳኛ ባትሪ ጨርሶ ሞቷል።

ሰው አፉ በጥጥ ተሞልቶ ሲከራከር መስማት...

«ዬት አዬሽው?» 

«ጥጡን አውጣ፣ ከዚያ ዋሽ።»

አወጣው። አልዋሸም። «መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም» አለ። «ባዶ ቻት ላይ ሰው አይቀመጥም። መጥቶ ያይና ይሄዳል። ሻይ ቤት የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የአክስቱን ልጆች አይደለም የሚያስቀምጠው? ሦስት ሆነው ሲያወሩ ያየ መንገደኛ ገባ ይላል።»

«ገባ?»

«አንድ ሰው አለ። አይጽፍም። ግን አለ።»

«ቃላቱስ?»

ጉንጩን ያዘ።

«ቃላቱስ አልኩህ?»

«ድሮ ሰላምታ ብቻ ነበር የምጽፈው፣ አይዞህ ምናምን። አንቺ መጥተሽ ስትቀመጪ... ቲልት፣ ነርፍ ስትጽፊ ፊትሽ የቀበሌ ጸሐፊ ይመስላል። በር ያዥ ያልኩ ቀን ግን ካርድ ከእጅሽ ወደቀ። እንዲህ ደስ ብሎሽ ያየሁሽ መቼ ነበር? የሥራ ክፍልሽን ከቀነሱብሽ ወዲህ አላየሁም። በነጋታው ሌላ አመጣሁልሽ።»

«ሦስት ምስክር ያስፈልጋል እኮ!»

«ሦስት ሰጠሁሽ።»

ተቆጣሁ። ስለ ሕግ፣ ስለ እምነት፣ ስለ ሃያ ዓመቴ ተናገርኩ። አማረልኝ መሰለኝ፣ ምክንያቱም ጨርሼ ስቀመጥ እንዲህ አለኝ፦

«የእናንተ መዝገበ ቃላት ውስጥ ‹ሰውዬው በቅሎውን ለጉሞ አሰናዳ› የሚል ምሳሌ አለ። ማን ነው ያለው?»

«ምሳሌ ነው።»

«ማን አለው?»

«እኔ።»

«‹ሴትየዋ የጠፋባትን መርፌ አገኘች›?»

«...እኔ።»

«ስንት ሺህ ሰው ነው እዚያ ውስጥ የሚያወራው? ሁሉም አንቺ ነሽ። እኔ ሦስት ሰው ብሆን ምን ነውር አለው?»

ልዩነቱን አስረዳሁት። አሁን ሳስበው ያስረዳሁት ምን እንደነበር ትዝ አይለኝም።

ሚያዝያ 14

ሰባት ቃል። ሃያ አንድ ምስክር። አንድ ሰው።

ብተዋቸው ማን ያጣራል? ብሰርዛቸው ምስጋናው አብሮ ይሰረዛል፣ ምስጋናው ከተሰረዘ እናታችን ስልክ ታነሳለች። ለእሱ ከዚህ ቤት ጋር የሚያስታርቀው ያ አንድ መስመር ብቻ ነው። ለእኔስ? ለእኔ ሕጉ ብቻ ነው የቀረኝ። ሌላውን ነርፍ አድርገውታል።

ሚያዝያ 16

ለዋና አዘጋጁ ነገርኳቸው። በር ዘግቼ።

«ሦስቱ ምስክሮች አንድ ሰው ናቸው።»

«የቱ ሰው?»

«ወንድሜ።»

የቀለም ጠርሙስ ክዳን ከፈቱ፣ ዘጉ።

«ቃሉ ግን ጥሩ ነው» አሉ።

«ጥሩ ነው።»

«ሰው ሊለው ይችል ነበር።»

«ይችል ነበር። አላለውም።»

«እንግዲህ እርስዎ ይወስኑ። እኔ ይህን አልሰማሁም።» መስኮቱን አዩ። «ወይም እንደሰማሁ ሦስት ሰው ያረጋግጥልኝ።»

ሳቁ። በራሳቸው ቀልድ መጀመሪያ የሚስቁት እሳቸው ናቸው፤ ብዙ ጊዜም የሚስቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሰባቱን አወጣኋቸው። በቀይ፣ በመስመር፣ አንድ በአንድ። የመጨረሻው በር ያዥ ነበር። ገጽ አቀናባሪዋ ባዶ የቀረውን ቦታ ሥዕሉን በማሳደግ ሞላችው። አገጩ ላይ ማዳመጫ ያደረገው ልጅ አሁን ግማሽ ገጽ ሆኗል።

የምስጋናውን መስመር ማንም አውጪ አላለኝም። እኔው አወጣሁት።

ሚያዝያ 17

ነገርኩት። «አወጣሽው?» አለ። «አወጣሁት።» «በር ያዥንም?» «እሱንም።»

ራሱን ነቀነቀ። «ጂጂ» አለኝ። ከልቡ ይሁን ለማብሸቅ መለየት አልቻልኩም። ሥራዬ ይህን መለየት ነበር።

ሚያዝያ 20

ለእናታችን የምለውን ስለማመድ ሰነበትኩ። አላስፈለገም። ዛሬ ቁርስ ላይ ራሱ ስልኳን ከጠረጴዛው አንስቶ ለአጎታችን ደወለ። ሻዩ ገና አልተቀዳም ነበር።

«አጎቴ፣ ያ ቦታ አለ?... እሺ... አዎ፣ መለካት አውቃለሁ፣ ቀያሽ አይደለሁ እንዴ... እሺ።»

እናታችን ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። ስታሸንፍ ምን እንደምትሆን አታውቅም፣ ብዙ ጊዜ የምትፈርደው ለማስፈራራት ነው።

«መጽሐፉስ?» አለችኝ።

«ቃላቱ ጥሩ ነበሩ እማዬ። ቦታ አልበቃም።»

«ይህን ሁሉ ወፍራም መጽሐፍ ጽፋችሁ ለአንድ ልጅ ቦታ አጣችሁ?»

ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ተቀብዬ ሻዩን ቀዳሁ።

ግንቦት 3

ሄደ። አንድ ሻንጣ። ማዳመጫውን አልወሰደም።

ከመሄዱ በፊት የመጨረሻ ስርጭት አደረገ፤ እኔ በርጩማዬ ላይ። አንዱንም ስልክ አልነካም። ቻቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባዶ ነበር። እሱ ግን ሲያወራ፣ ሲቀልድ፣ ራሱን ሲሰድብ ነበር፤ ድምፁን ቀይሮ አይደለም፣ በገዛ ድምፁ። ሊዘጋ ሲል በራሴ ስልክ ገባሁ። ስልኩ ስም ጠየቀኝ፤ ያሰብኩት ሁሉ ተይዟል አለኝ፣ «ለርከር» እንኳ። በመጨረሻ ስሜን ብቻ ጻፍኩ። ከዚያ ምን እንደምል ጠፋኝ። ሃያ ዓመት ቃል የሰበሰበች ሴት...

ኤፍ አልኩ።

ዞሮ አየኝ። ጥጥ ባይኖርበትም ድምፁ እንደዚያ ቀን ነበር። «እታለም፣ አሁን አንድ የሚጽፍ ተመልካች አለኝ ማለት ነው» አለ።

ግንቦት 19

እናታችን ክፍሉን አጸዳች። ከምንጣፉ ላይ የአረፋውን ምልክት ለማስለቀቅ ሁለት ቀን ፈጋች። አልለቀቀም። «ይቅር» አለች፣ በሩንም ክፍት ተወችው።

ሐምሌ 8

ወንድሜ ደወለ። ንጣፍ ይለካል፣ ይቆርጣል። ደንበኞች ከለካ በኋላ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ አለ። ቲልት ሆነህ ታውቃለህ አልኩት። አንድ ጊዜ አለ፤ አጎታችን ላይ። አጎታችን ቃሉን ወደደው፣ አሁን ለሚስቱ ይጠቀምበታል።

ጥቅምት 21

መዝገበ ቃላቱ ወጣ። ከባድ ነው፣ ይሸታል፣ ያምራል። ዋና አዘጋጁ ንግግር አደረጉ፣ «የወጣቱን ትንፋሽ ይዘናል» አሉ። ጸጉራቸውን በድጋሚ ተቀብተዋል። የጥበቃው ሰውዬ ለእንግዶቹ በሩን ሲከፍት ዋና አዘጋጁ አይተውት አንድ ነገር ሊሉ ነበር፣ ተዉት።

ኅዳር 2

ምሳ ሰዓት። ገጽ አቀናባሪዋ እየበላች ስልኳን ውሃ ጠርሙስ ላይ አስደግፋ የምታይ ናት። አንድ ልጅ ይጫወታል።

«ይህን ስንት ሰው ያየዋል መሰለሽ?» አለችኝ። «አርባ ሺህ።»

ቻቱ ይሮጣል። እንደ ወንድሜ ቻት አይደለም፤ ይሄ ፏፏቴ ነው፣ አንዱንም ለይቶ ማንበብ አይቻልም። ልጁ በር ላይ ቆሟል። ቡድኑ አለፈ። እሱ ቀረ። በዚያች ቅጽበት ዓምዱ በሙሉ አንድ ነገር ሆነ፣ ስለዚህ ማንበብ ቻልኩ፦

በር ያዥ በር ያዥ በር ያዥ በር ያዥ በር ያዥ

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«ይሄ... ከየት የመጣ ቃል ነው?»

«ይሄማ የድሮ ነው» አለች እያኘከች። «ድሮም ይባላል። አታውቂውም እንዴ፣ አንቺ የቃል ሰው?» ሚያዝያ ላይ ከገጹ ያነሳችው ራሷ ናት፤ ረስታዋለች።

ኮሪደር ወጥቼ ለወንድሜ ደወልኩ። ከጀርባው የመቁረጫ ማሽን ይጮኻል። ነገርኩት። ማሽኑን አስጠፋ።

«ስንት ሰው?»

«አርባ ሺህ የሚያይ። ምን ያህሉ እንደጻፉ አላውቅም።»

«ያ የማይጽፈው ሰውዬ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ልጁን ደግሞ እያሞገሱት ነበር ወይስ እየሰደቡት?»

«እየሳቁበት መሰለኝ።»

«አይ፣ እንደሱ አይደለም አጠቃቀሙ» አለ። ደስታ ነው፣ ቁጣ ነው... «ንገሪያቸው እስቲ እታለም። ቆይ፣ ደንበኛ መጣ» ብሎ ዘጋ።

ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። አዲስ ካርድ አወጣሁ፣ ቃሉን ጻፍኩ፣ ምስክሮቹን ለመጻፍ ሦስት መስመር በቂ አልሆነም። «አመጣጥ» ከሚለው ጎን የወንድሜን ስም ሙሉውን አሰፈርኩ። ካርዱን ሳጥኑ ውስጥ በፊደል ተራው አስገባሁት።

ቀጣዩ እትም ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።